የአሳማ ጽንስ ከአራት ሕዋስ ላይ ለምን ቆመ?

ተማሪዎች በእርጥብ ጥጥ ላይ ያስቀመጡት ባቄላ ሳይበቅል ሲቀር መምህሩ «ፍሬው የሞተ ነው» ብሎ ከመደምደሙ በፊት ውኃውን፣ ሙቀቱንና አየሩን መመርመር ይገባዋል። ምክሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ የሳይንስ ሊቃውንት በአሳማ ጽንስ ላይ ይህንኑ ለማረጋገጥ ብዙ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

የነገሩ መነሻ የአይጥ ጽንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ዌስሊ ዊተን የተባለው አውስትራሊያዊ ተመራማሪ ጨውና ግሉኮስ ባለበት ፈሳሽ ላይ ከከብት ደም የተገኘ አልቡሚን ጨመረ። በዚህም ስምንት ሕዋስ የነበራቸው ጽንሶች ብላስቶሲስት ወደሚባለው፣ መሐሉ ውኃ ወደ ቋጠረው ደረጃ ደረሱ። በ1958 አን ማክላረንና ጆን ቢገርስ እንዲህ ያደጉትን ጽንሶች በእንስት አይጦች ማህፀን ውስጥ አኑረው ሕያዋን ግልገሎች ተወለዱ። በ1960ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው ራልፍ ብሪንስተር የጽንስ ምግብ ከዕድሜው ጋር እንደሚለዋወጥ አሳየ። ገና ሁለት ሕዋስ ያለው ጽንስ ፓይሩቬትና ላክቴት ይፈልጋል፤ በግሉኮስ መጠቀም የሚችለው ስምንት ሕዋስ ገደማ ሲደርስ ነው።

ተመራማሪዎች ይህን ዕውቀት ይዘው ወደ አሳማ ሲያልፉ ችግር ገጠማቸው። በአንድ ወይም በሁለት ሕዋስ ደረጃ ከእናቱ የተወሰደ ጽንስ እስከ አራት ሕዋስ ከተከፈለ በኋላ ይቆም ነበር። በእናቱ ሆድ አራት ሕዋስ ከደረሰ በኋላ የተወሰደው ግን ዕድገቱን ይቀጥላል። ልዩነቱ ከምን መጣ? ጽንሱ እስከዚያ ድረስ የሚሠራው በአመዛኙ እናቱ በእንቁላሉ ውስጥ ባከማቸችለት ስንቅ ነው። የራሱ ጂኖች በሚገባ ሥራ የሚጀምሩት በአራት ሕዋስ ደረጃ ነው። በዚህ መሸጋገሪያ ላይ የማይስማማ ፈሳሽ ካገኘው መሻገር ይሳነዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ ሕዋስ ያለው የአሳማ ጽንስ በሳህን ውስጥ በሕይወት በቆየ የአይጥ የእንቁላል ቱቦ ውስጥ ሲቀመጥ ያን እንቅፋት አለፈ። ጥፋቱ የጽንሱ ሳይሆን የሳህኑ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈሳሹን ማሻሻል ሆነ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ታውሪንና ሃይፖታውሪን የተጨመሩበት ፈሳሽ ተዘጋጀ። በ2002 የጃፓን ተመራማሪዎች የአሳማን የእንቁላል ቱቦ ፈሳሽ አርአያ አድርገው ግሉኮስ የሌለበትን፣ ፓይሩቬት፣ ላክቴትና አሚኖ አሲዶች ያሉበትን ፈሳሽ ቀመሩ፤ በውስጡ ካደጉት ጽንሶችም ግልገሎች ተወለዱ። አየሩም ታሰበበት። በከባቢ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ያህል ሲሆን በእንቁላል ቱቦ ውስጥ ያለው ግን እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ኦክስጅኑን ወደ 5 በመቶ ዝቅ ያደርጋሉ። ሙቀቱም በአሳማ ገላ ልክ ከ38.5 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል።

ጥቅሙ ለከብት እርባታ ብቻ አይደለም። በጥር 2022 በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ፣ ጂኑ የተለወጠ አሳማ ልብ ለአንድ በሽተኛ ተተክሎለት ሁለት ወር ያህል ኖሯል። እንዲህ ያሉ አሳማዎችን ማስገኘት የሚጀምረው በቤተ ሙከራ ካለ ጽንስ ነው። ሆኖም ሥራው አላለቀም፤ በሳህን ያደገ ብላስቶሲስት በእናቱ ሆድ ካደገው ይልቅ ዛሬም ብዙውን ጊዜ የሕዋሱ ቁጥር ያነሰ ነው።

እንግዲህ ባቄላው ባልበቀለ ጊዜ ከዚያው ከረጢት ሌላ ፍሬ ወስደን፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጠን በሁለተኛ ሳህን እናስቀምጥ። ይህኛው ከበቀለ የመጀመሪያውን ፍሬ በከንቱ ወቅሰነው ነበር ማለት ነው።