ፊል፣ ፈርዝና መደቅ፦ የሰንጠረዥ ሹመትና ሽረት

የሀዋታ ሰው በዐረብኛ ቼዝ ሲጫወት በሰያፍ የሚሄደውን ጠጠር «ፊል» ይለዋል፤ ዝሆን ማለት ነው። እንግሊዛዊው ያንኑ ጠጠር ጳጳስ፣ ፈረንሳዊው ቂል ብሎ ይጠራዋል። ሀዋታን አቋርጦ የሚወርደው የረሃድ ወንዝ በሚመነጭበት በኢትዮጵያ ደጋ ግን የጥንቱ የሰንጠረዥ ተጫዋች «ፊል» ይል ነበር።

የጨዋታው ጥንተ መሠረት ሕንድ ነው። የሳንስክሪት ስሙ «ባለ አራት ክፍል» ማለት ሲሆን፣ እግረኛን፣ ፈረሰኛን፣ ዝሆንንና ሠረገላን ያመለክታል። በፋርስ በኩል ለዐረቦች ደርሶ «ሸጥረንጅ» ተባለ፤ የእኛ «ሰንጠረዥ» የወጣው ከዚሁ ነው። «መደቅ» የተባለው እግረኛም የዐረቡ «በይደቅ» ነው።

በጥንቱ ሥርዓት የንጉሡ አማካሪ ፈርዝ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ይራመዳል፤ ፊልም በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘልላል። በ15ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) አውሮፓውያን አማካሪውን ንግሥት አድርገው ሰሌዳውን ሁሉ አስገዟት፤ ፊልንም ሰያፉን እስከ ዳር እንዲሄድ ፈቀዱለት። ሁለት ጠጠሮች ሲሾሙ የጨዋታው ፍጥነት ሁሉ ተለወጠ።

ኢትዮጵያውያን ይህን ሹመት አልተቀበሉም፤ የጠጠሮቹን ጉልበት እንደ ጥንቱ ትተው አጨዋወቱን አሳመሩ። «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ ጦራቸውን እንደ ልባቸው ያሰልፋሉ። በብርቱ ጠጠር፣ በፈረስ ወይም በደር፣ ንጉሥን ማሸነፍ እንደ ተራ ድል ይቆጠር ነበር፤ በፊል ወይም በመደቅ ያሸነፈ ግን ይወደሳል። ደካማው ማዕረግ ከፍ ያለ ክብር የነበረው በእኛ ሰሌዳ ላይ ነው።

የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ የሰንጠረዥ ወዳጅ እንደነበሩ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የጎበኛቸው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት መዝግቧል። ሪቻርድ ፓንክረስት የጨዋታውን ታሪክና ሕግ አጠናቅሮ እ.ኤ.አ. በ1971 አሳተመ። በዚያው ምዕተ ዓመት ግን ዓለም አቀፉ ሕግ ቦታውን ወረሰ፤ ወረራም ከሰሌዳው ጠፋ።

ስሙ ግን ለተርጓሚ ዛሬም ያገለግላል። የእንግሊዝኛውን ቃል ተከትለን «ጳጳስ» ብንል የሌላ ሀገር ሹመት እንቀበላለን፤ «ፊል» ብንል ግን የሀዋታው ጎረቤታችንም የአያቶቻችን ሰሌዳም ይገባቸዋል።