ከመድገም ወደ መቀኘት፦ የጋይንት የቃል ትምህርትና የግል ጸሎት ዕድገት

ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅና በስተደቡብ፣ ከጉና ወዲያ ወደ እስቴ፣ ወደ ጋይንትና ወደ ስማዳዋ ወገዳ በሚዘልቀው አገር ሰው ጸለየ ለማለት ሁለት ግሶች ይዘወተራሉ፤ ዳዊት «ይደግማል»፣ ጸሎት «ያደርሳል»። ሁለቱም ጸሎቱ ከጸላዩ በፊት እንደነበረ ይናገራሉ፤ ሰው የተቀበለውን ይደግማል፣ የተሰጠውን ያደርሳል። ከዚሁ ከ«ደገመ» «ድግምት» የሚባለው ቃል መውጣቱ ደግሞ ልብ ያልገባበት ድግግሞሽ ወዴት ሊወርድ እንደሚችል ቋንቋው ራሱ ማወቁን ያሳያል።

ዛሬ በከተማ የሚሰማው አስተሳሰብ ተቃራኒውን ይዟል፤ እውነተኛው የግል ጸሎት በራስ ቃል የሚጸለየው ነው፣ የተጻፈው ለጀማሪ መደገፊያ ነው ይላል። የጨነቀው ሰው በጋይንትም ቢሆን በራሱ ቃል ይጮኻል፤ ጨጨሆ መድኃኔዓለም ደጃፍ ስለት የሚሳል ገበሬ መጽሐፍ አይገልጥም። ሆኖም ከጭንቅ የተወለደ ቃል ጭንቁ ሲቃለል አብሮ ይነጥፋል። ያልጨነቀው ምን ብሎ ይጸልይ?

የአገሩ መልስ ዳዊት ነው። 150ው መዝሙር ዐሥር ዐሥሩ «ንጉሥ» እየተባለ በ15 ይከፈላል፤ በሳምንት ሲደለደል ደግሞ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ይደርሳል። እሑድ የጸሎተ ነቢያትና የመኃልየ መኃልይ ነው። ድልድሉ የማንንም ስሜት አይጠይቅም። ልጁን የዳረ አባት በሠርጉ ማግስት የልቅሶ መዝሙር ሊደርሰው ይችላል፤ ሐዘንተኛውም የምስጋናው ተራ ይገጥመዋል። ደጋሚው የማያውቀውን ሰው ልቅሶና ደስታ በገዛ አፉ መሸከም ይለምዳል። በእኔ እይታ የግል ጸሎት ማደግ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፦ «እኔ» የሚለው ቃል ሲሰፋ።

ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 14 ስለ ጸሎት ይደነግጋል። የጸሎት ጊዜያቱ ሰባት ናቸው፤ ነግህ፣ ሦስት ሰዓት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ጉና ግርጌ ገብስ የሚያርስ ሰው ሰባቱን ሁሉ መጠበቅ ይቸግረዋል፤ ነግህንና ንዋምን በአቡነ ዘበሰማያትና በመቁጠሪያ ከያዘ ግን ቀኑን በሁለት ጫፍ አስሮታል።

ይህ የመድገም ሥርዓት ጎልቶ የሚታየው በአብነት ትምህርት ቤት ነው። ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ተወጥቶ ወደ ዳዊት ይገባል። ንባቡ በቀን፣ የቃል ትምህርቱ በማታ ነው። ውዳሴ ማርያምና መልክአ ኢየሱስ በጨለማ ጎጆ ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ ይሻገራሉ፤ የሚታይ መጽሐፍ የለም። ቀን አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ሲለምን የሚጠራውም «በእንተ ስማ ለማርያም» ነው። ልመናውና ጸሎቱ አንድ ቃል ይሆናሉ። ዜማ የሚቀጥል ተማሪ የድጓን ማስመስከሪያ እዚያው ጋይንት በቤተልሔም፣ የዝማሬንና የመዋሥዕትን በዙር አምባ ያገኛል። ዝማሬ ከቁርባን ጋር፣ መዋሥዕት ከሙታን ጸሎት ጋር የተያያዙ ናቸውና የዙር አምባ ተማሪ ስለ ሌላው ሰው መጸለይን እንደ ሙያ ይማራል ማለት ይቻላል።

ብርቱ ነቀፌታ አለ። ሕፃኑ የሚደግመውን ግዕዝ አይረዳውም፤ ትርጓሜ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ብዙዎች ሳይደርሱበት ይቀራሉ። ትምህርት ቤቱ በአብዛኛው የወንዶች በመሆኑም የእናቶች ድርሻ ሰምቶ መያዝ ብቻ ሆኖ ኖሯል። ይህን ማስተባበል አይቻልም፤ የዳዊትን ትርጉም ለቤተሰብ በአማርኛ ማስረዳት የየአጥቢያው ካህናት ዕዳ ነው።

ነገር ግን ድግግሞሽን ይህን ያህል የሚያጠብቀው ሥርዓት ከፍ ላለው ተማሪ ተቃራኒውን ያዝዛል። ወደ ዋድላ፣ ወይም ዐባይን ተሻግሮ ወደ ዋሸራና ጎንጅ ለቅኔ የሄደ ተማሪ ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል። የሚያቀርበው ማንም ያላለው ሊሆን ይገባል። ይህ ብቸኝነት፣ ይህ ቃል ፍለጋ፣ የግል ጸሎት ካልተባለ ምን ይባላል? አዲሱ ቃል ግን ከአሮጌው ተነጥሎ አይቆምም። ከቅኔ ዓይነቶች «ሚበዝኁ» ስሙን ያገኘው ከመዝሙር 3፣ «ዘአምላኪየ» ደግሞ ከመዝሙር 62 መነሻ ቃል ነው። ዳዊትን ያልደገመ ቅኔ ቤት የማይዘልቀውም ለዚህ ነው።

ትናንት የቀረበ ሚበዝኁ ዛሬ አይመለስም፤ መዝሙር 3 ግን ሰኞ በመጣ ቁጥር ይደገማል።