አራስነትና የእርግዝና ስኳር በአዊ

በአዊ፣ ከእንጅባራ ደጋ እስከ ዳንግላ ወይና ደጋ፣ ወሊድ ለብዙ ትውልድ የቤት ጉዳይ ነበር። ምጥ ሲመጣ የልምድ አዋላጅ ትጠራለች፤ ጎረቤት ሴቶች ማርያምን ይማጸናሉ፤ ሕፃኑ ሲወለድ ገንፎ ይገነፋል። ከዚያ በኋላ እናቷ ወይም አማቷ አራሷን ታርሳለች። የገብስ ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት፣ ትኩስ ነገር ይቀርብላታል፤ ውሃ አትቀዳም፣ እንጨት አትሸከምም። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ሕፃኑ ክርስትና ሲነሣ እናትም ቤተ ክርስቲያን ትገባለች፤ አራስነቱ በዚያ ያበቃል።

ወጉ የተበጀው ለሚታይ አደጋ፣ ለደም መፍሰስ፣ ለትኩሳትና ለድካም ነው፤ ለዚያም ብልህ ወግ ነው። ዘመናዊው ሕክምና ሲመጣም ትኩረቱ እዚያው ላይ ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ለገጠር ማሠልጠን ጀመረ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መደበ። በአገር አቀፍ ጥናቶች መሠረት ከ100,000 ሕያው ወሊድ የሚሞቱት እናቶች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 871 በ2016 ወደ 412 ወረደ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ከወሊድ በሰላም የተረፈችው እናት ከዓመታት በኋላ ምን ይገጥማታል የሚለው ጥያቄ ገና አልተነሣም ነበር።

ጥያቄው በሌላው ዓለም ቀደም ብሎ ተነሥቷል፤ አንዱ መነሻም በእርግዝና ጊዜ የሚታየው የስኳር በሽታ፣ የእርግዝና ስኳር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1824 ቤኔቪትዝ የተባለ ሐኪም በርሊን ላይ በእርግዝና ጊዜ ብቻ የታየ የስኳር በሽታ መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቦስተን ውስጥ ኦሱሊቫንና ማሃን የ752 ነፍሰ ጡሮችን የስኳር መጠን ለክተው የመጀመሪያውን የታወቀ መለኪያ አወጡ። መለኪያቸውን የፈተኑት እናቲቱ ወደፊት የስኳር ሕመምተኛ ትሆን እንደሆነ በማየት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 የተቀበለው አዲሱ መለኪያ ግን በዋናነት የተመሠረተው በሕፃኑ ጤና ላይ ነው። የእናቲቱ የወደፊት ዕጣ ከመለኪያው ወደ ዳር መውጣቱ ያሳዝናል።

በእርግዝና ወቅት ከእንግዴ ልጁ የሚወጡ ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ኃይል ያደክማሉ። ቆሽቷ ተጨማሪ ኢንሱሊን ማመንጨት ያልቻለ ሴት ስኳሯ ይወጣል። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ስኳሩ አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል፤ የቆሽቱ አቅም ማነስ ግን ይቀራል። ስለዚህ ብዙዎቹ በኋላ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ይይዛቸዋል። የደም ሥሮቻቸውም ሊጎዱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሴቶችን ያካተቱ ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረመሩ፣ የእርግዝና ስኳር የነበራቸው ሴቶች ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያላቸው ተጋላጭነት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ስኳር በሽታ ያልያዛቸውም እንኳ ከሌሎች የበለጠ ተጋልጠዋል።

በኢትዮጵያ በትግራይ ገጠር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ከመቶ ነፍሰ ጡሮች 3.7 የእርግዝና ስኳር እንዳለባቸው አሳየ። ሃያ ዓመት ቆይቶ በጎንደር ከተማ የተገኘው 12.8 ነው። ልዩነቱ ሁሉ የበሽታው መስፋፋት አይደለም፤ መለኪያው ተለውጧል፣ ከተማና ገጠርም አንድ አይደሉም።

ከወሊድ በኋላ የሚመከረው የስኳር ምርመራ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው፤ ይህም ከ42ኛው እስከ 84ኛው ቀን መሆኑ ነው። በአዊ የክርስትናው 40 እና 80 ቀን ከዚሁ ጊዜ ጋር ይቀራረባል። ሕፃኑ የመጀመሪያ ዋና ክትባቶቹን የሚወስደውም በ6ኛው ሳምንት ነው። እናቲቱ ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ በምትደርስበት በዚያ ቀን የራሷ ደም ቢመረመር ሌላ መንገድ አትሄድም። 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታ ከሁለት ሰዓት በኋላ መለካት የተሻለው ነው፤ ይህ በማይገኝበት በባዶ ሆድ የሚደረገው ምርመራ ያገለግላል። ውጤቱ ጤናማ ቢሆንም በየአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይደገማል፤ የደም ግፊትም አብሮ ይለካል። ከወጉ ውስጥ ልጅን ረጅም ጊዜ ማጥባት የስኳር በሽታን አደጋ ይቀንሳል፤ መቆጠብ የሚያስፈልገው ግን በከተማ ጠያቂ ይዞት ከሚመጣው ለስላሳ መጠጥ ነው።