የሕመም ማስታገሻ መድኃኒትና የአንዲት አጭር ደብዳቤ ታሪክ

እንደ እኔ በመዝገብ ቤት ብዙ ዘመን አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ይኸውም በፋይል ላይ የተጻፈች ትንሽ ማስታወሻ፣ ዋናው ሳይታይ ከወረቀት ወደ ወረቀት ስትገለበጥ ኖራ በመጨረሻ ሕግ ሆና ቁጭ ትላለች። በአሜሪካ አገር በሕክምናው በኩል የሆነውም ይኸው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሞርፊንን ከኦፒየም አጣርቶ ያወጣው ሰርቱርነር የሚባል ጀርመናዊ የመድኃኒት ቀማሚ ሲሆን፣ ጊዜውም በ1800ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ስንቱ ሰው በሱስ ከተያዘ በኋላ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች ይህን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ከማዘዝ ይጠነቀቁ ጀመር።

በጥር 1980 ግን ሁለት የቦስተን ተመራማሪዎች በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላት ደብዳቤ አወጡ። ሆስፒታል ተኝተው ይህን ዓይነት መድኃኒት ከወሰዱት 11,882 ሕመምተኞች መካከል፣ ቀድሞ ሱስ ሳይኖርባቸው በሱስ የተያዙት 4 ብቻ ናቸው የምትል ነበረች። ልብ በሉ! ወገቡን እያመመው ቤቱ ተቀምጦ ለዓመታት ክኒን ስለሚውጥ ሰው ደብዳቤዋ አንዲት ቃል የላትም።

ሆኖም ተጠቀሰች፣ ተደጋገመች። በ2017 ሲቆጠር 608 ጽሑፎች ጠቅሰዋታል፤ ከመቶው 80 የሚሆኑት ሰዎቹ ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውን አላነሱም። በ1996 ኦክሲኮንቲን የሚባለው ክኒን ገበያ ወጣ፤ ሻጮቹም ሱስ የማስያዝ ነገሩ እምብዛም ነው እያሉ ለሐኪሞች አስተዋወቁት። በ2007 የፐርዱ ኩባንያ ሕዝብን በማሳሳቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አመነ። ከ1999 እስከ 2019 በዚያች አገር በሐኪም የታዘዘውንም ሆነ በስውር የሚሸጠውን የዚህን ወገን መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስዶ የሞተው ወደ 500,000 ሰው ይጠጋል። በ2018 ደግሞ ሥር የሰደደ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ባለባቸው 240 ሰዎች ላይ አንድ ዓመት ተሞክሮ፣ ከሌላው ማስታገሻ በልጦ አልተገኘም።

ታዲያ መድኃኒቱ ይጣል ማለቴ አይደለም። በካንሰር ለሚሰቃይ ሰው ሞርፊን እንደሚያስፈልገው የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 አሳውቋል። እኛስ ስንቱን ታማሚ ልንጠይቅ ሄደን ሲያቃስት ሰምተን ተመልሰናል! ሐኪም ያዘዘለትን «ሱስ ይሆንበታል» ብሎ መከልከል ግፍ ነው። ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ፣ ለረጅም ጊዜ የወሰደም ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ባንዴ ማቆሙ፣ ሁለቱም አደጋ ናቸው። «እንዲህ ተባለ» ሲሉን «ዋናው የት አለ?» ብለን እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።