ሥነ ምግባርን በባህርይ ትንተና ማስተማር

የባህርይ ትንተና የሰውን ድርጊት ከፊቱ ካለው ሁኔታና ከኋላው ከሚከተለው ውጤት ጋር አያይዞ የሚያጠና የሥነ ልቦና ዘርፍ ነው። በዚህ መንገድ ሥነ ምግባርን ማስተማር ልጅን «ጨዋ ሁን» ብሎ በመምከር አያበቃም። እውነት ሲናገር፣ ሲያካፍልና ተራውን ሲጠብቅ የሚያገኘው፣ ሲዋሽና ሲማታ ደግሞ የሚያጣው ነገር አስቀድሞ መደራጀት አለበት። የዘርፉ መሥራች አሜሪካዊው ቢ. ኤፍ. ስኪነር (1904–1990) ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ከነፃነትና ከክብር ባሻገር» የተሰኘ መጽሐፉ አንድን ድርጊት «መልካም» ብሎ መጥራት ራሱ ማኅበረሰቡ ድርጊቱን የሚያጠናክርበት አንዱ መንገድ ነው ሲል ይሞግታል።

የዘርፉ ዋና ቃል «ማጠናከሪያ» ነው፤ ብዙ ሰው ከሽልማት ጋር ያምታታዋል። ከረሜላ የማይወድ ልጅ ከረሜላ ቢሰጠው የሚጠናከር ነገር የለም። በአንጻሩ ዞር ብሎ የሚያየው ላጣ ልጅ የአስተማሪ ቁጣ እንኳ ማጠናከሪያ ሊሆን ይችላል። ረባሹ ተማሪ በየቀኑ እየተቆጡት በየቀኑ የሚረብሸው አንዳንዴ ለዚህ ነው።

ከዘርፉ ሙከራዎች በክፍል ውስጥ ሥራ ላይ በመዋል የታወቀው በ1969 እ.ኤ.አ. ባሪሽ፣ ሳንደርስና ዎልፍ ያቀረቡት «የመልካም ባህርይ ጨዋታ» ነው። የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች በሁለት ቡድን ተከፈሉ። አንድ ልጅ ያለ ፈቃድ ሲነሳ ወይም ሲያወራ መምህሯ ሰሌዳው ላይ በቡድኑ ስም ሥር አንድ ጭረት ታሰምራለች። ጭረቱ ያነሰው ቡድን ለምሳ ቀድሞ መሰለፍን የመሰለ ትንሽ መብት ያገኛል፤ ሁለቱም ቡድኖች ከተወሰነው ቁጥር ካላለፉ ሁለቱም ያሸንፋሉ። ረብሻው በእጅጉ ቀነሰ። ሆኖም አንጫወትም ብለው ያመፁ ሁለት ልጆች ቡድናቸውን እንዳያስቀጡ እንዲለዩ ተደርጓል። አንዱ ባጠፋ ቡድኑ የሚከፍልበት ይህ አሠራር በሙያው ቋንቋ የቡድን ውል ሊባል ይችላል። ጨዋታው በኋላ በባልቲሞር ከተማ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ተሞክሮ፣ ልጆቹ እስኪጎለምሱ ድረስ ተመራማሪዎች ተከታትለዋቸዋል።

የቡድን ውልን አሠራር ከመማሪያ ክፍል ውጭ ማየት የሚፈልግ ጂቡቲ ከተማ ያገኘዋል። ከተማዋን ከአፋሮች ጋር የሚጋሯት ሶማሌ ኢሳዎች «ሄር ኢሴ» የተባለ በቃል የሚተላለፍ ሕግ አላቸው። ጂቡቲ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት በኅዳር 2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። የጂቡቲው ምሁር አሊ ሙሳ ኢዬ «የዛፉ ፍርድ» በሚል ርዕስ መጽሐፍ ጽፎበታል። ርዕሱ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚፈርዱበትን ልማድ ያስታውሳል። የበላይ መሪው ኡጋስ ነው፤ እሱም ቢሆን የጉባኤውን ስምምነት ያጸናል እንጂ እንደ ንጉሥ በቃሉ አያዝም። ሕጉን ያወጡት አበው ስኪነርን አያውቁትም፤ ንጽጽሩ የዚህ መጣጥፍ ነው።

በጂቡቲ ከተማ ባልባላ ሠፈር ውስጥ አንድ ጎረምሳ በጠብ የሌላውን ጥርስ ሰበረ እንበል። በሄሩ መንፈስ ጉዳዩ በሁለቱ ልጆች መካከል አይቀርም። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ይሰየማሉ፣ የቀድሞ ፍርዶች በቃል ይጠቀሳሉ፣ ጉዳቱ ይመዘናል፣ ካሣ ይቆረጣል። «መግ» የሚባለውን የደም ካሣ የሚከፍለው አጥፊው ብቻ አይደለም፤ የዘር ሐረጉ ያዋጣል። በሶማሌ ልማድ ለአንድ ወንድ ነፍስ የሚታወቀው መጠን 100 ግመል ነው፤ በከተማ ግመሉ በገንዘብ ይተመናል። ጎረምሳው ወደ ቤቱ ሲመለስ ከኪሳቸው የከፈሉ አጎቶች ይጠብቁታል። በሚቀጥለው ጠብ እጁን ከማንሳቱ በፊት ክንዱን የሚይዘው የነሱ ቃል ነው። ጭረቷን ሰሌዳው ላይ የምታሰምረው መምህርት እዚህ በአጎትና በአክስት ተተክታለች።

ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። ሄሩ የበደለን በማስከፈል ይጸናል፤ የባህርይ ተንታኝ ግን ቅጣት ብቻውን ምን ማድረግ እንደሌለብን እንጂ ምን ማድረግ እንዳለብን አያስተምርም ይላል። ስለዚህ ማካፈልን ለማስተማር አስቀድሞ ማሳየት፣ ልጁ ሲሞክር ወዲያው ማመስገን፣ ኋላም ምስጋናውን ቀስ በቀስ ማሳሳት ይመርጣል።

ትልቁ ራስ ምታት ግን ሌላ ነው፤ ክፍል ውስጥ የተማረው ታማኝነት ሱቅ ደርሶ ይቀጥላል ወይ? ስቶክስና ቤር በ1977 እ.ኤ.አ. አብዛኛው ሥልጠና «አሠልጥኖ ተስፋ ማድረግ» መሆኑን ተችተው፣ ልጁ በብዙ ቦታ፣ በብዙ ሰው ፊት እንዲለማመድ መክረዋል። በዚህ ረገድ ሄሩ ሳይቀድም አይቀርም። ዘመድ በየሠፈሩና በየገበያው ስላለ ውጤቱ የሚከተለው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም።

ነቀፌታም አለ። ኖአም ቾምስኪ በ1971 እ.ኤ.አ. ስኪነርን ክፉኛ ተችቶታል። ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. ወደው ሥዕል ይስሉ የነበሩ ሕፃናት ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው ከሳሉ በኋላ በገዛ ፈቃዳቸው መሳልን መቀነሳቸውን አሳይተዋል። ሥዕል ላይ የታየው ደግነት ላይም የሚታይ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ጨዋነት ዋጋ የሚቆርጥ ወላጅ ልጁን ነጋዴ ሊያደርገው ይችላል። ተንታኞቹ ሽልማቱ በጊዜ ከተነሳና የጓደኛ ፈገግታ ከተተካበት ይህ አይደርስም ብለው ይከራከራሉ። የቡድን ቅጣት ፍትሐዊነትም አከራካሪ ነው። ያላጠፋ ልጅ ስለ ሌላው ጭረት ምሳው ለምን ይዘገያል? በሄሩ ግን ያላጠፋ ዘመድ ዛሬ የሚያዋጣው፣ ነገ እሱ ሲያጠፋ ሌሎቹ እንደሚያዋጡለት ስለሚያውቅ ነው።