ከሞቀ ጨርቅ እስከ ተለጣፊ ማሞቂያ፦ የወር አበባ ሕመም ማስታገሻ ታሪክ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ስለ ወር አበባ ሕመም ግን ብዙዎቻችን ያደግነው «ቻይው፣ የሴት ልጅ ነገር ነው» እየተባልን ነው። እንዲያም ሆኖ እናቶቻችን ጨርቅ በእሳት እያሞቁ፣ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ እየሞሉ ከእምብርታችን በታች ያኖሩልን ነበር። በሌላውም ዓለም ሴቶች የላስቲክ የሙቅ ውሃ ከረጢት ይዘው ይተኙ ነበር። ሙቀት ለምን እንደሚያሽል ግን ማንም አላስረዳቸውም።

የሕመሙ ምክንያት መታወቅ የጀመረው ዘግይቶ ነው። ፒክልስ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1957 በወር አበባ ፈሳሽ ውስጥ ጡንቻን የሚያኮማትር ንጥረ ነገር እንዳለ አሳወቀ። ይህም ፕሮስታግላንዲን ከሚባሉት ወገን መሆኑ በኋላ ታወቀ። ንጥረ ነገሩ ሲበዛ ማህፀን አጥብቆ ይኮማተራል፣ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፣ ቁርጠቱም ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ጆን ቬን አስፕሪንና መሰሎቹ የፕሮስታግላንዲንን መመረት እንደሚገቱ አሳየ፤ በ1982 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱም እርሱ ነው። ስለዚህ ሕመሙ የልጅ ቅብጠት ወይም ሰበብ አይደለም።

ሙቀት ጡንቻን ያላላል፣ የደም ዝውውርንም ይረዳል። ችግሩ ጠርሙስ ታቅፎ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አለመቻሉ ነበር። መፍትሔው ከብረት ዱቄት መጣ። የብረት ዱቄት ከጨው፣ ከውሃና ከከሰል ጋር ተደባልቆ አየር ሲያገኝ ቀስ እያለ ይዝጋል፤ ሲዝግም ይሞቃል። ጃፓኖች በ1970ዎቹ መጨረሻ በዚህ መንገድ የኪስ ማሞቂያ ለገበያ አቀረቡ። ቆይቶም በልብስ ሥር የሚለበስ ስስ ተለጣፊ ተሠራ።

እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚሞቅ ተለጣፊን ከአይቡፕሮፌን ጋር አነጻጽሮ ነበር። በቀን 12 ሰዓት ያህል የተለበሰው ተለጣፊ በቀን ሦስት ጊዜ ከሚዋጠው 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን የማይተናነስ ማስታገሻ ሆኖ ተገኘ። የእናቶቻችን የሞቀ ጨርቅ በሳይንስ ምስክር አገኘ ማለት ነው።

ለእኛ ይህ የሒሳብም ጉዳይ ነው። በወር 2 ቀን የምትቀር ተማሪ በ10 ወር 20 የትምህርት ቀን ታጣለች። ለንጽሕና መጠበቂያ ገንዘብ ስንመድብ ለሕመሙም አንድ መስመር እንጨምር። ተለጣፊው ባይገኝ እንኳ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ከረጢት ለቤት ይበቃል።

ጥንቃቄውን ግን አንርሳ። የጋለ ነገር በባዶ ቆዳ ላይ አይደረግም፤ ተለጣፊም ቢሆን በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ሰዓት በላይ አይቆይም። ሙቀትም ኪኒንም ያላስታገሠው፣ ወይም በየወሩ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ያላትን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት። ከዛሬ ጀምሮ ለልጆቻችን «ቻይው» ማለት ትተን «የት ላይ ነው የሚያምሽ?» ብለን እንጠይቃቸው።