ሞራው የት ነበር? ስለ ዓይን ሞራ ሕክምና ታሪክ የቀረበ ንግግር



እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለዚህ ንግግሬን ከበሽታው ሳይሆን ከስሙ ብጀምር ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ። ሞራ ማለት፣ በግ ያረደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሆድ ዕቃን እንደ መጋረጃ የሚሸፍነው ስስና ነጭ ስብ ነው። ብሌኑ የነጣ ሰው ስናይ «ሞራ ጋረደው» እንላለን፤ ታክሞ ሲያይም «ሞራው ተገፈፈለት»። በስሙ ውስጥ አንድ ሐሳብ አለ፤ ዓይኑ ራሱ ደኅና ነው፣ የሸፈነው ነገር ብቻ መነሣት አለበት የሚል።

ይህ ሐሳብ የእኛ ብቻ አልነበረም። ጋሌንና ተከታዮቹ በሽታውን ከሌንሱ ፊት የሚረጋ ፈሳሽ አድርገው አስተማሩ። በዓረብኛ የጻፉት ሊቃውንት «የውኃ መውረድ» አሉት። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍቱን ወደ ላቲን የመለሰው ቆስጠንጢኖስ አፍሪካዊው ይህን ስም ፏፏቴን በሚያመለክት ቃል ተረጎመው፤ ዛሬ ሐኪሞች «ካታራክት» የሚሉት ከዚያ የወረደ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሕተቱ ከሺህ ዓመታት በላይ የቆየው ሐኪሞቹ ሰነፎች ስለ ነበሩ አይደለም። በዚያ ዘመን ሌንስ የማየት ኃይል መቀመጫ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ሐኪሙ ስለታም መርፌ በዓይኑ ጠርዝ አስገብቶ ያንን ነጭ ነገር ወደ ታች ሲገፋው ሕመምተኛው ብርሃን ያያል። የተገፋው ሌንሱ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ጨርሶ በታወረ ነበር፤ ስላልታወረም የተገፋው ሌንስ ሊሆን አይችልም። የአመክንዮው አካሄድ እንከን የለውም፤ የተሳሳተው መነሻው ነው። ተማሪዎቼን ደጋግሜ የማስጠነቅቀው እንዲህ ካለው ስሕተት ነው፤ የሚሠራ ሕክምና የተሳሳተ ዕውቀትን ለዘመናት ሊያቆይ ይችላል።

በእርግጥ ሕክምናው የሚሠራው በከፊል ብቻ ነበር። በጥንታዊው የሕንድ የሱሽሩታ መጽሐፍ የተገለጸው ይህ የመርፌ ዘዴ ሌንሱን ከዓይን አያወጣውም፤ ከብርሃን መንገድ ላይ ገፍቶ ወደ ኋላና ወደ ታች ይጥለዋል እንጂ። በ1000 ዓ.ም. ገደማ በግብፅ የሠራው ዐማር አል መውሲሊ በውስጡ ክፍት በሆነ መርፌ መጥጦ ማውጣትን ገልጿል፤ ብዙኃኑ ግን መግፋቱን ቀጠሉ። ከቀናት በኋላ ዓይን ሲመረቅዝ ወጊው ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። የሙዚቃ ሊቁ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ በ1750 በላይፕዚግ ጆን ቴይለር በተባለ ዘዋሪ እንግሊዛዊ ዓይን ወጊ ሁለት ጊዜ ታከመ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ 28 ቀን አረፈ።

ወደ መነሻው ስሕተት ልመለስ። ፊልክስ ፕላተር በ1583 የማየት መቀመጫ ሌንስ ሳይሆን ሬቲና መሆኑን ጻፈ፤ ኬፕለር በ1604 ምስሉ በሬቲና ላይ እንዴት እንደሚያርፍ በሒሳብ አሳየ። ከዚያ በኋላ ሌንስ ብርሃን አሳላፊ ብቻ ነው፤ ሊደፈርስም ይችላል። ነገር ግን ከዚህ ዕውቀት እስከ ዓይን ሐኪሙ መርፌ ድረስ አንድ መቶ ዓመት ፈጀ። በ1705 ፒየር ብሪሶ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የሞተ ወታደርን ዓይን ከፍቶ ሞራው ከሌንሱ ፊት እንዳልነበረ አየ፤ ሞራው ራሱ የደፈረሰው ሌንስ ነበር። የፓሪሱ የሳይንስ አካዳሚ በመጀመሪያ አልተቀበለውም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን አመነ።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ሌንሱን ጨርሶ ማውጣት ይቻል ይሆን የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። ዣክ ዳቪየል በ1747 የዓይኑን ጥቁር ክፍል የሚሸፍነውን ብርሃን አስተላላፊ ግድግዳ ከታች በኩል ቆርጦ ሌንሱን አወጣ። ማደንዘዣ አልነበረም፤ ኮካይን ለዓይን ማደንዘዣነት የዋለው በካርል ኮለር በ1884 ነው። እዚህ ላይ አንድ ምክር ተወለደ፤ «ሞራው ይብሰል»። በዳቪየል ዘዴ ሳይጠነክር የወጣ ሌንስ ተጣባቂ ቅሪቱን በዓይን ውስጥ ትቶ ስለሚቆጣ፣ ሐኪሞች እስኪጠነክር መጠበቅን መረጡ። ለዘመኑ ተገቢ ምክር ነበር።

ሌንሱ የወጣለት ሰው ግን እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ካላደረገ አጥርቶ አያይም። ይህን የለወጠው ሃሮልድ ሪድሊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላን መሸፈኛ ፕላስቲክ ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባባቸውን አብራሪዎች ሲመረምር፣ ዓይኑ ያንን ባዕድ ነገር እምብዛም ሳይቆጣ እንደሚሸከመው አስተዋለ። አንድ የሕክምና ተማሪም ቀዶ ሕክምናውን ከተመለከተ በኋላ «በወጣው ሌንስ ፈንታ ሌላ አይገባበትም?» ብሎ እንደ ጠየቀው ይነገራል። (እናንተም እንዲህ ያለውን የዋህ ጥያቄ አትፍሩ።) ኖቬምበር 29 ቀን 1949 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ከዚያው የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ ተተከለ። ታላላቅ ባልደረቦቹ ለብዙ ዓመታት ተቃወሙት። ሪድሊ ግን ረጅም ዕድሜ ኖሮ፣ በስተርጅና በራሱ ዓይኖች ውስጥ እዚያው ሆስፒታል ሌንስ ተተከለለት።

በ1967 ቻርለስ ኬልማን ሌንሱን በአልትራሳውንድ ሰባብሮ በትንሽ ቀዳዳ የማውጣትን ዘዴ አስተዋወቀ። ውድ መሣሪያ በሌለበት ደግሞ ያለ ስፌት በሚድን ትንሽ ቀዳዳ ሌንሱን በእጅ ማውጣት በሕንድ፣ በኔፓልና በእኛም አገር ተስፋፋ፤ አውሮላብ የተባለው የማዱራይ ፋብሪካ ከ1992 ጀምሮ ርካሽ ሌንስ ማምረቱም ሕክምናውን ለድኻው አቀረበ። በእነዚህ ዘዴዎች ሞራው እስኪበስል መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከልክ በላይ ሲበስል እንዲያውም ይፈሳል፣ የዓይኑን ግፊት ያንራል፣ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል።

በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ከእነዚያ መካከል አያቴ ነበሩ። ቀኝ ዓይናቸው ሲፈዝ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ያየቻቸው ባለሙያ «ገና አልበሰለም፤ ሲበስል አምጧቸው» አለች። በቅን ልቦና ነው የተናገረችው፤ የዳቪየልን ዘመን ምክር ከመምህሮቿ ተቀብላ ነው። እኛም ጠበቅን። በሦስተኛው ዓመት ዓይናቸው ቀልቶ ራስ ምታቱ እንቅልፍ ሲነሣቸው ከተማ አመጣናቸው፤ የቀኙ ነርቭ ሞቶ ነበር። የግራውን ብቻ ሠሩላቸው።

በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት የሐኪሙን እጅ ነበር። «ሞራውን የት ጣላችሁት፣ ልጄ?» አሉት። እሱም የወጣው ሞራ ሳይሆን የራሳቸው ሌንስ እንደ ነበር፣ በፈንታውም አዲስ እንደ ተተካ በትዕግሥት አስረዳቸው። አያቴ አዳመጡት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለሚጠይቃቸው ጎረቤት ሁሉ ግን እስኪሞቱ ድረስ «ሞራዬን ገፈፉልኝ» እያሉ ኖሩ። እኔም የብሪሶን ታሪክ እያወቅሁ አላረምኋቸውም።